ሻይ ሳይፈላ ጉድ ፈላ

ዘመን ተገለበጠ ስል የሚስቁብኝ ልጆች አሉኝ። ይሳቁ። በእኛ ጊዜ ሻይ ቤት ገብቶ «ሻይ!» ያለ ሰው ሻይ ይመጣለት ነበር። ዛሬ አስተናጋጇ «ምን ዓይነት?» ትላለች። የሚጠጣውን ዓይነት ነዋ! ከዚያ ትዘረዝርልኛለች፤ ከርከዴ፣ ካሞሚል፣ ሞሪንጋ፣ ጠጅ ሣር። ከተዘረዘሩት ውስጥ የሻይ ቅጠል ያለበት አንድም የለም። ይህን ሁሉ ሣርና አበባ ለላም ብንሰጠው ቢያንስ ለሻያችን ወተት እናገኝ ነበር።

የልጅ ልጄ ለጤናዬ አስባ አረንጓዴ ሻይ ይዛልኝ መጣች። «አባባ፣ ይሄኛው የተፈጥሮ ነው» አለችኝ። ጥቁሩስ ፋብሪካ ነው የወለደው? ዛፉ እኮ አንድ ነው! ሁለት ቅጠልና አንድ ለጋ እንቡጥ ይቀነጠሳል፤ ቶሎ ሙቀት ካገኘው አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፤ ተጨፍልቆ አየር ሲመታው ይጠቁራል። ይህን ካስረዳኋት በኋላ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እስኪንተከተክ አፈላችው። አረንጓዴው በረድ ያለ፣ ወደ 80 ዲግሪ የሆነ ውኃ ነው የሚፈልገው፤ ሲንተከተክ ይመራል። መረረም።

ካርቶኑን አንብብ ይሉኛል። መነጽሬን አድርጌ የጥቁሩን አነበብኩ፤ «በ100 ዲግሪ ውኃ» ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ፣ ውኃችን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ከዚያ ወዲያ ከሰል ብትጨምሩበት፣ ብትለምኑት፣ ይተናል እንጂ ንቅንቅ አይልም። የጎደለችውን 8 ዲግሪ ከየት ላምጣ? ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ጅቡቲ ልውረድ? እናቶቻችን ቅጠሉን በራዱ ውስጥ ጨምረው እሳት ላይ ጥቂት የሚያቆዩት ያለ ነገር አልነበረም። የዛሬ ልጅ ግን ባለክሩን ከረጢት ለብ ባለ ውኃ አንዴ ነክሮ ያወጣዋል። ይሄ ሻይ ማፍላት ሳይሆን ክርስትና ማንሳት ነው።

እንግሊዞች ለሻይ ቀማሾች ብለው ስድስት ገጽ ደንብ ጽፈዋል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ኢግ ኖቤል የሚባለው የቀልድ ሽልማት ተሰጣቸው። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ለ100 ሚሊ ሊትር ውኃ 2 ግራም ቅጠል፣ 6 ደቂቃ መዘፍዘፍ፤ ቁም ነገር ነው እኮ! ሁለት ዓይነት ሻይ ገዝቶ የትኛው ይስማማኛል የሚል ሰው ሁለቱንም በእኩል ልክ ካላፈላ በምን ያወዳድራል?

መግዛቱንስ ማን ያውቅበታል? የካርቶኑን ሥዕል አይተው ያነሣሉ። ሻይ የሚመረጠው በአፍንጫ ነው፤ ካልሸተተ ከርሟል። እንጨት እንጨቱ ከበዛ፣ ቅጠሉ ለሌላ ተሽጦ ግንዱ ለእኔ ደርሷል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ጣል ሲያደርጉት ወዲያው ደማቅ ቀለም ከለቀቀ፣ ተቀብቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። ደቃቁን የሚንቁ ግን ከእኔ ጋር ይጣላሉ። መድቀቅ የመጠን ጉዳይ ነው፤ ደቃቁ ቶሎ ይወፍራል፣ ወተትና ስኳር ይችላል። መዓዛ እያሸተትኩ ቀስ ብዬ ልጠጣ ያለ ትልልቁን ቅጠል ይግዛ፣ ወተቱንም ይተው። የከፋው ውሽውሽና የኢሉባቦሩ ጉመሮ ያበቀሉትን ሳይቀምሱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ካርቶን ላይ የሚረባረቡትን ግን ምን እንደምላቸው አላውቅም።

ደግሞ ቅመሙ! ቀረፋና ቅርንፉድ እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን አዲስ ቅጠል ሲገዛ የመጀመሪያዋ ብርጭቆ ያለ ቅመም ትጠጣ፤ ቅርንፉድ ከገባበት የከረመውም አዲሱም አንድ ነው። እኔ ቤት ቅመሙ ሳይጨመርም ይገባል። ሻይ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል፤ ምራቴ ደግሞ ክዳኑ በጠፋ ቆርቆሮ አድርጋ ከበርበሬው ጎን ታስቀምጠዋለች። ዛሬ ጠዋት የቀረበልኝ ሻይ የጎደለው እንጀራ ብቻ ነበር። ብነግራት «አባባ፣ ለጉንፋን እኮ ጥሩ ነው» አለችኝ።