አንድም ፋየርዎል

የሲሲአይኢ ሴኪዩሪቲን የላብ ፈተና ከሩቅ የሚያየው ሰው ኮማንድ ሸምድዶ መግባት የሚበቃ ይመስለዋል። ኮማንዱንስ ማሽኑ ራሱ ይነግርሃል፤ የጥያቄ ምልክት ስትጫን ያለውን ሁሉ ይዘረግፍልሃል። ስምንት ሰዓት የሚሰጥህ በአብዛኛው ማንበብ እንድትችል ነው።

ዱባይም ሂድ ብራስልስ፣ ውስጥ ያየኸውን ላታወራ ፈርመህ ነው የምትገባው። ስለዚህ እዚህ የማወጋው ማታ ማታ ተሰብስበን ስለምንታገለው የልምምድ ጥራዝ ነው። ከመሃላችን አንዱ ኔትወርክ ሳይነካ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበር፤ መጻሕፍት ቤትም ደርሷል። «የኔታ» እንለዋለን። ሌላው ደግሞ ጣቱ ከዓይኑ የሚቀድም ልጅ ነው። እሱ ቢሮ ውስጥ አንድ ሲስተም አልሠራ ሲል ከማንኛውም ወደ ማንኛውም ከፍቶ ወደ ቤቱ መሄድ ለምዷል፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ በዚህ ብቻውን አይደለም።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ኢንሳይድ ያለው ራውተር አውትሳይድ ካለው ጋር ቢጂፒ ይመሥርት፤ አስፈላጊ የሆነውን ትራፊክ ብቻ ፍቀድ። ልጁ አንብቦ ሳይጨርስ ፖርት 179ን በሁለቱም በኩል ከፍቶ ሻዩን አነሳ። የኔታ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ንባቡን እንይ። ‹አስፈላጊ የሆነውን ብቻ› አለ። ለማን? አንድም ለቢጂፒ ነው፤ ቢጂፒ በቲሲፒ 179 ይሄዳልና እሱ ይከፈት፣ ሌላው ይዘጋ ሲል ነው። አንድም ለፋየርዎሉ ነው፤ የደኅንነት ደረጃው ኢንሳይድ 100፣ አውትሳይድ 0 ነውና ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ሳይጠየቅ ያሳልፋል፣ መልሱንም አስታውሶ ያስገባል፤ የውስጡ ራውተር ከጀመረ የሚከፈት የለም ሲል ነው። አንድም ለአራሚው ነው፤ የተረፈ መስመር ካየ ነጥብ የሚነሳበት ምክንያት አገኘ ሲል ነው።»

ሁለተኛው ትርጓሜ ያመዝናል። ቢጂፒ ከሁለቱ አንዱ ቢጀምረው ይበቃዋል፤ ስለዚህ ፋየርዎሉ ላይ የሚጨመር ፈቃድ የለም፤ መልሱ ምንም አለመጻፍ ነው። ይህን ግን ለአበሻ ተፈታኝ ንገረው! ባዶ ወረቀት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዜሮና ጆሮ መቆንጠጥ ሲያመጣብን የኖረ ነገር ነው። ልጁ «ምንም ሳልጽፍ ነጥብ የሚሰጠኝ ማን ነው?» ብሎ ተቆጣ።

ደግሞ በዚያው አያበቃም። ሦስት ገጽ ወደኋላ፣ ስለ ፋየርዎል ምንም በማያወራ የራውቲንግ ጥያቄ ውስጥ፣ ሁለቱ ራውተሮች በኤምዲ5 ፊርማ ይተማመኑ የምትል ግማሽ መስመር ተወሽቃለች። ኤኤስኤ ፋየርዎል ደግሞ ለደኅንነት ብሎ ሁለት ውለታ ይሠራል፦ የቲሲፒውን ተራ ቁጥር በዘፈቀደ ይቀይራል፤ ፊርማው የሚጓዝበትን 19ኛውን የቲሲፒ ኦፕሽንም ያጠፋዋል። ያኔ ፓኬቱ ይደርሳል፤ ተቀባዩ ራውተር ግን ፊርማ የሌለውን ደብዳቤ አልቀበልም ይላል። ስለዚህ የሚከፈት ፖርት ሳይኖር የሚከለከሉ ሁለት ደግነቶች ተገኙ ማለት ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ያወጣውን ሰው አደንቀዋለሁ፤ ጎረቤቴ እንዲሆን ግን አልፈልግም።

የፒንጉ ቀለል ይላል። ከውስጥ ወደ ውጭ ፒንግ ይሥራ ይላል ጥያቄው። ኤኤስኤ ሳይነገረው አይሲኤምፒን አይከታተልምና ጥሪው ይወጣል፣ መልሱ በር ላይ ይቀራል። ክትትሉን ብታበራም ይሠራል፣ ለመልሱ ብቻ ከውጭ በኩል ፈቃድ ብትጽፍም ይሠራል። የቱን እንደፈለጉ የምታውቀው ጫፍ ላይ ካለችው «አክሰስ ሊስት አትጨምር» ነው፤ እሷን ሳያነብ የሠራ ሰው ሁሉም ነገር እየሠራለት ይወድቃል።

የድሮ ጥራዝ ይዞ ለሚያጠና ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ውጭ ያለው ሰው ዌብ ሰርቨሩን እንዲያይ ፍቀድ ሲል በየትኛው አድራሻ? ከኤኤስኤ ስሪት 8.3 በፊት ለውጭ የሚታየው አድራሻ ይጻፍ ነበር፤ 8.3 በ2010 ሲመጣ የሰርቨሩ እውነተኛ አድራሻ ሆነ። ንባቡ ሳይለወጥ ትርጓሜው ተገለበጠ፤ የኔታ ይህን ሲሰማ የጉባኤ ቤቱ ትዝ ብሎት ፈገግ አለ።

ግራ ከገባህ ተቆጣጣሪውን መጠየቅ ትችላለህ። የሚያብራራልህ ግን የጥያቄውን ሐሳብ እንጂ መልሱን አይደለም፤ ስለዚህ ስለ ጥያቄ መጠየቅ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። እሱንም እንለማመዳለን። የኔታ ተቆጣጣሪ ሆኖ ጥግ ይቀመጣል፤ ልጁ ተነስቶ ይሄዳል።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ 179ን ልክፈት?»

«ጥያቄውን አንብበው።»

«አንብቤዋለሁ።»

«ድገመው።»

ልጁ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቱን አጣጥፎ ሲያነብ አየነው። ከዚያ ተነሳ። «ጌታዬ፣ ግንኙነቱ ከሁለቱም ወገን መጀመር መቻል አለበት ወይስ ከኢንሳይድ ብቻ ቢጀመር ይበቃል?»

የኔታ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «ተባረክ! ከኢንሳይድ ይበቃል።»

ልጁ አመስግኖ ወደ ወንበሩ ተመለሰና 179ን በሁለቱም በኩል ከፈተ። ሁላችንም ጮህንበት።

«ለማንኛውም ብዬ ነው» አለ።