የሰው ዕቃ

የኮንዶሚኒየም ማድ ቤት የነደፈው መሐንዲስ በልቡ ያሰበው አንድ ድስትና ሁለት ሳህን ያለው፣ ዘመድ የሌለው ሰው ነው። ለነገሩ እንጀራ መጋገሪያና በግ ማረጃ የሚሆን ኮሚናል የሚባል ቤት ከሕንፃው አጠገብ አሠርቶልን ነበር። የኛ ኮሚናል ግን ተከራይቶ ሱቅ ሆኗል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከኛ ጋር ይኖራል፤ ከበሩ ኋላ ቆሞ ያድራል። በሩ በተከፈተ ቁጥር አክንባሎው ስለሚንኳኳ፣ ሌሊት ተደብቆ ወጥ የሚቀምስ ሰው በቤታችን የለም።

ባለቤቴ አንድ ቀን «ወይ ኮተቱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ» አለች። እኔም ለዚሁ ሥራ ታጠቅሁ።

የመከረችን ልጃችን ናት። ማሪ ኮንዶ የምትባል ጃፓናዊት አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በኔትፍሊክስ ቀርባ የዓለምን ቁም ሳጥን ያስፈተሸች። ዕቃውን በእጅህ ይዘህ ልብህ ደስ ይለው እንደሆነ ትጠይቀዋለህ፤ ካላለው አመስግነህ ታሰናብተዋለህ። ተራም አለው፤ መጀመሪያ ልብስ፣ ከዚያ መጽሐፍ፣ ወረቀት፣ ቀጥሎ የማድ ቤቱ ዕቃ ያለበት ልዩ ልዩ ኮተት፣ መጨረሻ ላይ የትዝታ ዕቃ። ሴትዮዋ የኛን ማድ ቤት አላየችም። እኛ ጋ የማድ ቤት ዕቃና የትዝታ ዕቃ አይለያዩም።

«ይሄ ቡሃቃ ልብሽን ደስ ይለዋል?» አልኳት።

«የእማዬ ነው።»

«ተሰንጥቋል እኮ።»

«የሰነጠቀችውም እማዬ ናት።»

ቡሃቃው ወደ ቦታው ተመለሰ። ወደ ድስቶቹ ዞርኩና አንድ ብቻ ብናስቀርስ አልኩ። «የጾሙ የቱ ሊሆን ነው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። እውነቷን ነው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ሥጋ የነካው ድስት ውስጥ ሽሮ ሊሠራ አይችልም። ድስቱ ሁለት ከሆነ ጭልፋውም ሁለት ነው፤ መክተፊያውም፣ ቢላውም እንዲሁ። ከሃይማኖት ጋር የሚከራከር ባል አይደለሁም።

በፌስታል የተሞላውን ፌስታል ዝም ብዬ አለፍኩት። ሁላችሁም ቤት አለ። ቆርቆሮዎቹንም አልነካኋቸውም፤ ኒዶ የሚለው ሽሮ ነው፣ ቡና የሚለው ኮረሪማ ነው፣ ምንም የማይለው ደግሞ ሚጥሚጣ ነው። ባለቤቴ መብራት በጠፋበት ጨለማ ትለያቸዋለች፤ እኔ በፀሐይ ተሳስቼ ሻይ ላይ ሚጥሚጣ የጨመርኩ ሰው ነኝ።

የተሳካልኝ በጀሪካንና በጠርሙስ ነው። ቆራሌው እየጮኸ ሲያልፍ ጠርቼ አሸከምኩት። ይህ ሁሉ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይደርስና ከዚያ ደግሞ የሌላ ሰው ቤት ይገባል፤ በዚህች ከተማ ጀሪካን ሞቶ አያውቅም። ደስታዬ ግን ልዋጭ የሚለው ሰውዬ እስኪመጣ ነበር። ከሥራ ስመለስ ሁለት አዳዲስ ሳፋዎች ምጣዱን ተደግፈው ቆመዋል። የግራጫው ሱሪዬ ነገር በዚያው ቀረ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተጠራርጎ ካቢኔቱ ለምን አልጎደለም ብዬ አንድ በአንድ ሳወጣ፣ ውስጡ ያለው የኛ ዕቃ አለመሆኑን አየሁ። ትሪው ድፎ ዳቦ ይዞ የመጣ የአክስቴ ነው። ሳህኑ ክርስትና ዕለት ዶሮ የመጣበት የጎረቤት ነው። ሰማያዊ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ የማን እንደሆነ ባለቤቴም እናቷም መስማማት አልቻሉም። ለምን አልተመለሱም ብትሉ፣ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስማ! ዳቦ ያመጣ ትሪ ቢያንስ በዳቦ መሄድ አለበት። እኛም የሚመጥነው ነገር እስክንሠራ እናቆየዋለን፤ የሚመጥነው ነገር ሲሠራ ደግሞ እንበላዋለን። አክስቴ በበኩሏ ትሪዋ እኛ ዘንድ ስለሆነ ቀጣዩን ዳቦ በሌላ ትሪ ትልካለች። የኛ ሳህኖችም በእነሱ ካቢኔት ውስጥ በዚሁ ሕግ ታስረው ተቀምጠዋል። የከተማው ሕዝብ በሙሉ የተበዳደረውን ሳህን ቆልፎበት፣ ማድ ቤት ጠበበን እያለ ያማርራል።

ይህን ነገር እድር ድሮ ጨርሶታል። ትልልቁ ድስት፣ ሳህኑ፣ ወንበሩ፣ ድንኳኑ በእድሩ ዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ ለቅሶ ሲኖር ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል፣ የጠፋውን ያጠፋው ይከፍላል። የእድርን ድስት ባዶውን መለስክ ተብሎ የተቀየመ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቴ «ድግስ ቢመጣ» ብላ ከፍሪጁ ላይ የሰቀለችው ግዙፍ ድስትም እዚያው ቢሆን እመርጥ ነበር፤ ነገሩ ገና በድርድር ላይ ነው።

እስከዚያው ዘመዶቼም ጎረቤቶቼም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ የኛ ሳህን እናንተ ዘንድ ካለ ባዶውን መልሱልን፣ እኛም የእናንተን ባዶውን እንመልሳለን። ዳቦውን ግን አታቋርጡ፤ በፌስታልም ይመጣል፣ ፌስታል ሞልቶናል።