ስለ 5050 የቀረበ አቤቱታ

ይድረስ በአዳማ ከተማ ለሚገኘው፣ ለክብሩ ስል ስሙን ለማልጠራው ኮሌጅ የፈተና ቢሮ፤

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከልጅ ልጆቼ እኩዮች ጋር በማታው ክፍል ተቀምጬ የፕሮግራሚንግን መግቢያ እንድማር ስለ ፈቀዳችሁልኝ፣ ይልቁንም ኮምፒውተሮቹን የተማሪ እጅ እንዳያረክሳቸው በጨርቅ ሸፍናችሁ ላቦራቶሪውን ስለ ቆለፋችሁ፣ ከጤና ይስጥልኝ ጋር ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

በአጋማሹ ፈተና፣ ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች ደምሮ ውጤቱን የሚያሳይ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም በእስክሪብቶ እንድንጽፍ ታዘዝን፤ በምን መንገድ እንደሚደመር ጥያቄው አልወሰነምና እኔ በዋይል ሉፕ ጻፍሁት። ወረቀቱ ሲመለስ ከ20 ማርክ ዜሮ ተሰጥቶት፣ ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሰርዞ አገኘሁት። ላፕቶፔን ታቅፌ ወደ መስኮታችሁ መጣሁ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ተማሪዎች እያዩም የጻፍሁትን ቃል በቃል ገልብጬ ባስኬደው፣ 5050 የሚለው ቁጥር በጥቁሩ ስክሪን ላይ ወጣ። በመስኮቱ የተቀመጡት ሹም ግን ስክሪኑን በዓይናቸው ጫፍ እንኳ ሳያዩ፣ አንሰር ኪውን በጣታቸው እየመቱ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ያለው ፎር ሉፕ ነው፤ ኮምፒውተሩ አራሚ አይደለም። ደግሞስ በዚህ ዕድሜዎ ማርኩ ምን ያደርግልዎታል?» አሉኝ። ሰልፉ ሳቀ። እኔም እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ቅኔውን በራሱ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱ የጎደለውን፣ ምሥጢሩ የሳተውን እዚያው ያርምለታል እንጂ «የእኔን ለምን አልደገምህም» ብሎ አያባርረውም። እናንተ ግን ከሊቃውንቱ ልቃችሁ መገልበጡን ጽድቅ፣ ማሰቡን ኃጢአት አደረጋችሁት። አጠገቤ የምትቀመጠው ከመቂ የመጣች ልጅ፣ እንደ እኔ በራሷ መንገድ ጽፋ እንደ እኔ ስለ ተሰረዘባት፣ ለመጨረሻው ፈተና ሃንድአውቱን ከነነጥቡ ሸምድዳ ሙሉ ማርክ አገኘች፤ ቀድሞ መምህሩን በጥያቄ እረፍት ትነሣው የነበረችው ልጅ፣ ከዚያ ወዲህ «ለምን?» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ይህን ነው ማስተማር የምትሉት? የሰው ልጅ አእምሮ ሲቀበር ማርክ ትሰጣላችሁ፣ ሲነቃ ትቀጣላችሁ! የት ነው ያደጋችሁት?

ይቅር በሉኝ፤ ወደ ትሕትናዬ ልመለስ። ይሠለጥናሉ ተብለው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ስለ ታወጁት 5 ሚሊዮን ኮደሮች፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የሶፍትዌር ተመራቂን እንኳ አንዲት መስመር ሳያስጽፍ በምርጫ ጥያቄ ስለሚመዝነው የመውጫ ፈተና፣ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁና አላደክማችሁም።

የእኔ ልመና አነስተኛ ነው፤ ወይ 20 ማርኬ ይመለስልኝ፣ ወይም ከ1 እስከ 100 ያሉት ቁጥሮች ድምር 5050 አለመሆኑ፣ ትክክለኛውም ስንት እንደ ሆነ ተጠቅሶ፣ በክብ ማኅተም ተረጋግጦ ይጻፍልኝ።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣
የማታው ክፍል ሽማግሌ ተማሪ