ወደ ናይሮቢ የሚጓዝ ሐበሻ አለባበስ፦ አጭር ምደባ

ስለ ሐበሻ ልብስ ብዙ ተብሏል። ጥበቡም፣ ጥለቱም፣ የሽሮ ሜዳ ገበያም፣ የዶርዜ ሸማኔም ተመራማሪ አላጡም። ከቦሌ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ያህል በርሮ ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርደው መንገደኛ ምን እንደሚለብስና ለምን እንደሚለብስ ግን እስካሁን ተገቢው ትኩረት አልተሰጠውም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

በቅድሚያ የአየሩን ጠባይ እንመልከት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር፣ ናይሮቢ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠዋል። ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለሆነች ሐምሌ የብርድ ወሯ ነው፤ ሰማዩ ይጨፈግጋል፣ ማለዳው ወደ 12 ዲግሪ ይወርዳል፣ ዝናቡ ግን እምብዛም ነው፤ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዘንቦ አልቋል። እንግዲህ በሐምሌ ናይሮቢ ለሚሄድ አዲስ አበቤ ትክክለኛው ልብስ መርካቶ ሲሄድ የሚለብሰው ነው፤ ጃንጥላውን ቤቱ ይተወው። ይህን ግኝት የተቀበለ መንገደኛ እስካሁን አልተገኘም። የተገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ባለ አንበሳ ይባላል። ኬንያ ሲባል የሚታየው ፀሐይ፣ አቧራና አንበሳ ብቻ ስለሆነ ካኪ ሱሪ፣ ሰፊ ባርኔጣና ኪሱ የማያልቅ ሰደርያ ገዝቶ ይሄዳል። ከኪሶቹ በአንዱ ፓስፖርት አለ፤ ሌሎቹ ለወደፊቱ የተያዙ ናቸው። በእርግጥ አንበሳው አለ። እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ከመሀል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ቀጭኔና ፎቅ አንድ ፎቶግራፍ ውስጥ አብረው ይቆሙበታል። ባለ አንበሳው ግን እዚያ አይደርስም። ሦስቱንም ቀን ዌስትላንድስ ሰፈር አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ያሳልፋል፤ በአዳራሹም ካኪ የለበሱት እሱና ዘበኛው ብቻ ናቸው። ዥጉርጉር የወታደር ልብስ የሚመስል ሱሪ ያለው ግን ቤቱ ያስቀምጠው፤ ኬንያ ውስጥ ለሲቪል ክልክል ነውና ፋሽኑን ለፖሊስ ማስረዳት ሊያስፈልግ ይችላል።

ሁለተኛው ባለ ስብሰባ ነው። መዳረሻው ጊጊሪ፣ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ፤ ልብሱ ጥቁር ሱፍ፣ እጅጌው ላይ ያልተቆረጠ ማርካ፣ አንገቱ ላይ ባጅ። ባጁ ለእራት አይወልቅም። ለመኝታ መውለቁንም የሚያረጋግጥ መረጃ አልተገኘም። በሱፍ ጉዳይ ናይሮቢ ቀልድ የማታውቅ ከተማ ናት፤ ክራባቱን አጥብቆ የሚሮጠው ሰው የባንክ ተላላኪ ሊሆን ይችላል፣ ጫማውንም ያስጠረገው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ እያነበበ ነው። አንድ እግሩን ለሊስትሮ ሰጥቶ በሌላው ቆሞ ያደገው የእኛ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ሲወጣ የተሾመ ይመስለዋል። ይህ ስሜት እስከ ምሽት ድረስ አይለቀውም።

እዚህ ላይ የካውንዳ ሱፍ ሳይነሳ አይታለፍም። የኬንያው ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ክራባት የማይሻውን ይህን ልብስ ያዘወትራሉ። አፈ ጉባኤ ሞሰስ ዌታንጉላ ደግሞ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ይህንኑ ልብስ ለብሶ ፓርላማ መግባትን ከልክለዋል። ጉዳዩ የኬንያውያን ነውና ጣልቃ አንገባም። የደርግ ዘመን የካድሬ ልብስ ትዝ የሚላቸው የእኛ ሽማግሌዎች ግን ካውንዳ የለበሰ ሰው ሆቴሉ በር ላይ ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጋቸው ተስተውሏል።

ሦስተኛው ባለ አደራ ነው። የቀረው ገጽ ሁሉ የእሱ ነው።

ናይሮቢ ዘመድ የሌለው አዲስ አበቤ ይኖር ይሆናል፤ ናይሮቢ ዘመድ ያለው ጎረቤት የሌለው ግን የለም። ትኬቱ በተቆረጠ ማግስት ስልክ ይጮኻል። «ልጄ፣ ሻንጣህ ውስጥ ትንሽ ቦታ አይጠፋም መቼም?» ይላሉ እትዬ። ትንሽ ማለት በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ ዳቦ ቆሎና ኢስሊ ለሚኖረው ልጃቸው የተነጠረ ቅቤ ነው። ከዚህች ሰዓት ጀምሮ በሻንጣው ውስጥ ያለው ጨርቅ ሁሉ ልብስነቱ ቀርቶ መጠቅለያ ይሆናል።

ለዚህ ሕጋዊ መነሻም አለ። ኬንያ ከነሐሴ 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ የላስቲክ ከረጢት አግዳለች፤ ቅጣቱ እስከ 4 ዓመት እስር ወይም እስከ 4 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ይደርሳል። በእኛ ዘንድ ደግሞ በርበሬ ያለ ፌስታል ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ፌስታሉ ሲታገድ ሸሚዙ ሥራ ገባ። ምደባውም የሚከተለውን ይመስላል፦ ሸሚዝ ለሽሮ ነው፤ ጠባዩ ገር ነውና። በርበሬ ጂንስ ይፈልጋል፤ አንዱ የሱሪ እግር በርበሬ ሌላው ምጥን ከያዘ ሚዛኑ ይጠበቃል። ሱፍ አይጠቀልልም፣ ይጠቀለላል። የሐበሻ ቀሚስም እንዲሁ፤ ራሷ አደራ ናት፣ ናይሮቢ ለምትዳር የአክስት ልጅ የተላከች፤ ሻንጣው መሀል ከእድፍ ርቃ ትተኛለች። ቅቤ ግን የጋቢ ነው።

ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው። የቅቤ ማሰሮ በጋቢ ከተጠቀለለ ከፎቅ ቢወድቅ አይሰበርም ይባላል፤ የአውሮፕላን ጫኝና አውራጆችም ይህን በየቀኑ ይፈትናሉ። ይሁንና ጋቢውን ሻንጣ ውስጥ የምታስገባው እናት የምታቀርበው ምክንያት ቅቤ አይደለም። «ሰው አገር ብርድ ይመታሃል» ነው። የሰው አገር ብርድ ከአገር ቤቱ በዲግሪ ባይበልጥ በክፋት ይበልጣል፤ ይህ በእናቶች ዘንድ ያደረ እውቀት ስለሆነ የአየር ጠባይ መረጃ አቅርቦ መከራከር አይመከርም። ደግሞ ትክክል ናት። የናይሮቢ ቤት ማሞቂያ የለውም፤ የሐምሌ ሌሊት ሲመጣ ቅቤው ለባለቤቱ ደርሶ ጋቢው ነፃ ይወጣል፣ ባለ አደራውም ሶፋ ላይ ተከናንቦ፣ ቅቤ ቅቤ እየሸተተ፣ በሰላም ያድራል።

ጋቢው አይመለስም። አስተናጋጁ «እስኪ ይቀመጥ፣ ሌላ ጊዜ ትወስደዋለህ» ይላል፣ እንግዳውም «ኧረ ይቀመጥ» ይላል፤ ሁለቱም ሌላ ጊዜ እንደማይኖር ያውቃሉ። በዚህ አኳኋን ናይሮቢ ውስጥ የተከማቸው ጋቢ ስንት እንደሆነ ቆጥሮ የሚደርስበት የለም። በምትኩ እንደ ዳማ ገበታ የተሸነሸነ ቀይ የማሳይ ኩታ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል፤ ሶፋ ላይ ይነጠፋል፣ እንግዳ ሲመጣም ይነሳል፣ እንዳይቆሽሽ።

ታዲያ ባለ አደራው ራሱ ምን ይለብሳል? የመጣበትን። ሸሚዞቹ ሽሮ ሽሮ ስለሚሉ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ መስኮት ከፍታለች፤ በዚያ ብርድ። በሦስተኛው ቀን ጊኮምባ ይወርዳል። ጊኮምባ የናይሮቢ ትልቁ የሰልባጅ ገበያ ነው፤ ማለዳ ቦንዳው ሲፈታ ምርጡን፣ ነጋዴዎቹ «ካሜራ» የሚሉትን፣ ለማግኘት ባንኩ ውስጥ የምትሠራው ዘናጭም፣ ተማሪውም ይጋፋሉ። የከተማዋ ሽቅርቅርነት ግማሹ የሚወጣው ከዚህ ነው። የኬንያ መንግሥት በኮሮና ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ የልባሽ ጨርቅ ማስገባትን ለጥቂት ወራት አግዶ በነሐሴ መልሶ ፈቀደ። እኛ ዘንድ ሰልባጅ በኮንትሮባንድ ገብቶ ስለሚያዝ በዜና ነው የምናውቀው። አገሩ ላይ ሰልባጅ መልበሱን ለሚስቱ የማይነግር ሰው ጊኮምባ ላይ ቦንዳ ውስጥ እስከ ክርኑ ገብቶ ይታያል። ያገኘው ጃኬት ከአውሮፓ የአንድ ጡረተኛ ቁም ሣጥን የወጣ ነው። ቦሌ ሲደርስ «ከናይሮቢ ነው» ይላል። ውሸት የለበትም።

ቀጣዩ ክፍል ስለ ጫማ እንዲሆን ታቅዶ ነበር፤ ከመኪና ጎማ የሚሠራው የኬንያው አካላና የእኛው በረባሶ ያላቸው ዝምድና ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል። ለናሙና የተመረጠው ጥንድ ጫማ ሲታይ ግን ሁለቱም ውስጥ ጥሬ ቡና ተገኘ። ቡና፣ ለኬንያ። ለማን እንደሆነ የተጠየቀው ባለ አደራ ስሙን አያውቀውም፤ የእትዬ የጓደኛቸው ልጅ ነው፣ አየር ማረፊያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል ብሏል፣ ቀይ ኮፍያ ያደርጋል።