የቪትዝ እሽቅድምድም

ሐርጌሳ ላይ በርካሽ መኪና ገዝቶ፣ ቀጣጥሎና አሳምሮ መንዳት ያማረው ጎረምሳ ምርጫ አይበዛበትም፤ ያው ቶዮታ ቪትዝ ናት። በበርበራ ወደብ የገባች የጃፓን ልባሽ፣ ሞተሯ ብዙውን ጊዜ 1 ሊትር። ማርሚታዋን ሲያሰፉላት ድምጿ የአውሮፕላን ይሆናል፤ ፍጥነቷ ግን አስፋልት በምታቋርጠው ፍየል መልካም ፈቃድ ነው። ሞላዋ ተቆርጦ ዝቅ ካለች ደግሞ ጉድጓድ ሁሉ ሳትሳለም አታልፍም።

ዋናው ጨዋታ መቅደሙ ነው። የሚነዳው በቀኝ፣ መሪዋም በቀኝ። ስለዚህ ከፊት የሚመጣውን የሚያይልህ ግራህ የተቀመጠው ጓደኛህ ነው፤ ጠዋት ከተኳረፋችሁ አትቅደም።

አዲስ አበቤ ግን ባይስቅ ይሻለዋል። ያችኑ አሮጌ ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ ከፍሎባት፣ ማታ ማታ በሸራ እያለበሰ የሚያስተኛት እሱ ነው።