የአያት ርስት ወይስ አዲስ ጫካ?

በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን የአጋዘን የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ (የምስጋና በዓል) በፊት ባለው ቅዳሜ ነው፤ ለ9 ቀን ይዘልቃል። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ፈቃድ አውጥቶ ይወጣል። ሙግቱ ግን ቀደም ብሎ ይጦፋል፦ ዘንድሮም የተለመደው ዛፍ ላይ ወይስ አዲስ ቦታ?

የነባሩ ቦታ ወገን ማስረጃው አጭር ነው፤ «አባቴ ግዳይ የጣለው እዚህ ነው!» መቼ ሲሉት ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ዛፉ ላይ የሰቀለው መቀመጫ ዝጓል፤ ሰንሰለቱን ቅርፊቱ ውጦታል። ያችን ዛፍ ግን አጋዘኑም እንደ አያቱ ርስት ያውቃታል። ሕጉ የሚያዘውን ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ (እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ሮዝም ተፈቅዷል) አጋዘን በቅጡ አይለየውም፤ ልብሱ ሰውን ከሰው ጥይት ለማዳን ነው። አፍንጫው ግን ሌላ ነው። ሰውየው ቤከን (የአሳማ ሥጋ) በልቶ መምጣቱን ከሩቅ አሽትቶ፣ ረግረጉ ውስጥ ተኝቶ ያመሰኳል።

አዲስ ፈላጊውስ? የካርታ መተግበሪያ በክፍያ ያወርዳል፤ ፎቶ ወደ ስልክ የሚልክ ካሜራ ግንድ ላይ ያስራል፤ ለሚስቱ እንኳ ቦታውን አይነግርም። ሌሊት ተነስቶ፣ በግንባር ባትሪ እየተደናበረ «ማንም ያልረገጠው» የመንግሥት ደን ይደርሳል። ጎህ ሲቀድ ዙሪያውን ብርቱካናማ ጃኬት ሞልቶታል። ሁሉም ለዚያው መተግበሪያ ከፍሏል።

ወዳጄ አዳኝ፣ ፈቃድህ የሚሠራው በሁለቱም ቦታ ነው። የትም ሂድ፤ ብቻ ነፋሱን ከፊትህ አድርገህ ተቀመጥ፣ ቤከኑንም ለምሳ አቆየው።