የአህያዋ ሰሌዳ ቁጥር

በምርጫ ሕግ ዙሪያ ስለ ዕጩዎችና ስለ መራጮች ብዙ ቢጻፍም፣ ከሁሉም አስቀድሞ ቦታው ላይ መገኘት ያለበት ወረቀቱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 በሚመራው የኢትዮጵያ ምርጫ የድምፅ መስጫው ወረቀት፣ የመራጮች መዝገቡ፣ ማኅተሙና የውጤት መሙያ ቅጹ በመጀመሪያ አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ወደሚመረጥበት ምርጫ ክልል፣ ከዚያም ከ1,500 ያልበለጡ መራጮች ወደሚመዘገቡበት ምርጫ ጣቢያ ይወርዳል። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫዎች ስላሉት ምርጫ ክልሎቹም 547 ናቸው፤ የጣቢያዎቹ ቁጥር ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር በመሆኑ፣ የጉዞው ክብደት ያለው ከላይኛው ጫፍ ሳይሆን ከታችኛው ነው። በእያንዳንዱ እርከን ርክክብ ይካሄዳል፤ ርክክብ ማለት ሰጪና ተቀባይ ንብረቱን አይተውና ቆጥረው የሚፈራረሙበት ሥርዓት ሲሆን፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ልማድ ንብረት ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ደግሞ ሞዴል 22 የሚባለው ሰነድ ይቆረጣል።

6ኛው አጠቃላይ ምርጫ በመጀመሪያ ነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ በኮቪድ-19 ምክንያት ተላልፎ፣ ቀጥሎ ለግንቦት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ተቆርጦ ሳለ፣ የወረቀቱ ኅትመት፣ የአስፈጻሚዎች ሥልጠናና የመራጮች መረጃ ማጠናቀር ጊዜ ስለፈለጉ ወደ ሰኔ 14 ተገፋ። ከግንቦት ወደ ሰኔ የተደረገው ግፊት በቀን መቁጠሪያ ላይ የ16 ቀን ጉዳይ ቢመስልም፣ ክረምት ለሚብስበት የደጋ አገር ግን የጭቃ ጉዳይ ነበር፤ ዱባይ የታተመው ወረቀት አዲስ አበባ የደረሰበት መንገድ፣ ከወረዳ ከተማ ተነሥቶ ተራራ ላይ ካለው ትምህርት ቤት ከሚደርስበት መንገድ ሳይቀል አልቀረም።

የሚከተለው ምልልስ የተፈጠረ ነው። ቦታው ስሙ የማይጠቀስ የአንድ ደጋ ምርጫ ክልል መጋዘን፣ ጊዜው ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን ሁለት ቀን አስቀድሞ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ተናጋሪዎቹ ሠላሳ ዓመት በንብረት ክፍል ያገለገሉ ንብረት ያዥ፣ የአንድ ምርጫ ጣቢያ ኃላፊ የሆነች መምህርት፣ እንዲሁም ቁሳቁሱን የሚጭነውን መኪና ጭቃ ስለያዘው ሁለት አህዮቻቸውን ያከራዩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ አጃቢ ፖሊስም አለ፤ የተሰጠው ትእዛዝ ከእሽጉ ለአፍታም እንዳይለይ እንጂ እንዲናገር ስላልሆነ አይናገርም።

ንብረት ያዡ፦ መምህርት፣ የጣቢያው ንብረት ተሟልቶ ቀርቧል። ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጥበት ወረቀት በየከረጢቱ ታሽጎ፣ ኮሮጆው ተጣጥፎ፣ ቀለሙ፣ ማኅተሙና ቅጻ ቅጹ ካርቶን ውስጥ ገብቶ፣ ደመናው ስለከበደም ሁሉም አህዮቹ ላይ ተጭኖ ስላለ፣ የቀረው በሞዴል 22 ሦስት ቅጂ ላይ «ብዛቱንና ደኅንነቱን አረጋግጦ የተረከበ» ከሚለው ሥር መፈረም ብቻ ነው።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ብዛቱ የሚረጋገጠው ሲቆጠር ነው፤ የሚቆጠረው ደግሞ ከረጢቱ ሲከፈት ነው። እንግዲያውስ ይከፈታ?

ንብረት ያዡ፦ እግዚኦ በሉ! ይህ ከረጢት አንዴ ከተቀደደ ተመልሶ የማይታሸግ፣ የራሱ መለያ ቁጥር ያለው ነው። የሚከፈተው ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ማለዳ፣ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ዓይናቸው እያየ፣ ቁጥሩ ተነቦ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ነው። ከዚያ በፊት የከፈተ ሰው ምርጫ አጭበርባሪ ይባላል፤ ሳይቆጥር የፈረመ ሰው ግን ታማኝ ሠራተኛ ነው።

መምህርቷ፦ ስለዚህ ፊርማው የሚያረጋግጠው ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን እንጂ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን አይደለም ማለት ነው።

ንብረት ያዡ፦ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውም እኮ በመንግሥት ቀለም ነው የተጻፈው። ይህ መጋዘን ከበላይ ሲረከብ ሳይከፍት ፈርሟል፤ የበላዩም ከበላዩ ሲረከብ ሳይከፍት ፈርሟል። ቆጥሮ የፈረመ ሰው የሚፈለግ ከሆነ እስከ ዱባይ ድረስ መሄድ ያሻል፤ ለዚያ ደግሞ የውሎ አበል አልተያዘም።

መምህርቷ፦ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሕዝቡ ተሰልፎ፣ ወኪሎቹ ቆመው፣ ከረጢቱ ሲከፈት ወረቀቱ ከተመዘገበው ሰው ቁጥር ቢያንስ ተጠያቂው ማን ይሆናል?

ንብረት ያዡ፦ የመጨረሻው ፈራሚ።

መምህርቷ፦ ከመጨረሻው ፈራሚ በኋላስ ማን አለ?

ንብረት ያዡ፦ መራጩ ነው ያለው፤ መራጩ ደግሞ ሞዴል 22 አይፈርምም።

ሽማግሌው፦ ልጄ፣ ይህን ወረቀት ሁሉም ከላዩ ላይ እያወረደ ለታችኛው ያሸከመው ይመስላል፤ ከታች ደግሞ አንቺና ሁለቱ አህዮች ናችሁ ያላችሁት።

እዚህ ላይ ንብረት ያዡን በስንፍና መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ማሸግ የሚባለው ሥርዓት ማንም ሰው እንዳይታመን ተብሎ የተሠራ ነው፤ በመንገድ ላይ ያለ እጅ ሁሉ ይጠረጠራል፣ ስለዚህም ማንም እንዳይነካ ይደረጋል። የመጋዘን ርክክብ ግን ለወንበር፣ ለወረቀት ደስታና ለመኪና ጎማ የተሠራ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ እጅ እንዲነካና እንዲቆጥር ይጠይቃል። ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ሲሆኑ፣ አንድ ካርቶን ላይ ሲገናኙ ግን አንዱ የሚከለክለውን ሌላው ያስገድዳል፤ የግጭቱም ዋጋ የሚከፈለው በጣቢያ ኃላፊዋ ብዕር ነው። ምክንያቱ እንደየቦታው ሊለያይ ቢችልም፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በሲዳማና በጋምቤላ የድምፅ መስጫ ወረቀት እጥረት የታወቀው መራጩ ከተሰለፈ በኋላ ሲሆን፣ ድምፅ አሰጣጡ በማግስቱ ቀጥሏል፤ በአጠቃላይም በዚያ ቀን 12 ሰዓት ላይ ሊያበቃ የነበረው ድምፅ አሰጣጥ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሟል። በመጋዘን ደጃፍ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ በሰልፍ ፊት ሲጠየቅ መልሱ ሰዓት ማራዘም ብቻ ይሆናል።

መምህርቷ፦ መልካም፤ ፊርማው ይኑር፤ ግን «ምርመራ» በሚለው ዓምድ ሥር «እሽጉ ሳይከፈት በውጭ ቁጥሩ ብቻ የተወሰደ» ተብሎ ይጻፍ።

ንብረት ያዡ፦ መምህርት፣ በሠላሳ ዓመት አገልግሎት «ምርመራ» የሚለው ዓምድ ተሞልቶ ታይቶ አያውቅም። ዓምዱ የተሠራው ቅጹ ሙሉ እንዲመስል ነው፤ ምርመራ የተጻፈበት ቅጽ ደግሞ መርማሪ ይጠራል።

መምህርቷ፦ ይጥራ እንጂ፤ መርማሪ የሚፈራው ያላረጋገጠውን አረጋግጧል ብሎ የፈረመ ነው።

ንብረት ያዡ ለዚህ መልስ አልነበራቸውም፤ መልስ ሲጠፋ እንደሚደረገውም ወደ ሌላ ቅጽ ተሻገሩ። ይኸውም የማጓጓዣ ክፍያ መጠየቂያ ሲሆን፣ የተሽከርካሪው ዓይነት፣ ሰሌዳ ቁጥር፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ ሲነሣ የነበረው የኪሎ ሜትር ንባብና የነዳጁ ዓይነት የሚሞሉበት ነው።

ንብረት ያዡ፦ አባ፣ የተሽከርካሪው ሰሌዳ ቁጥር ስንት ነው?

ሽማግሌው፦ ጌታዬ፣ ዳለቻዋ እዚያው ግቢ የተወለደች ናት፤ ሰሌዳ ተለጥፎባት አያውቅም። ግራ ጆሮዋ ላይ ብጣት አለ፤ ያንን ግን የቅዳሜ ገበያተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ንብረት ያዡ፦ ብጣት በቅጹ ላይ ቦታ አልተሰጠውም። ሰሌዳ ቁጥር ባዶ ከሆነ ሒሳብ ክፍል ወጪውን አይቀበልም፤ ሒሳብ ክፍል ካልተቀበለ አህያዋ የሄደችው በነጻ ይሆናል፤ በነጻ ከሄደች ደግሞ ለምርጫ ቁሳቁስ የተደረገ ስጦታ ስለሚመስል ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ነዳጁስ ምን ይባል?

ሽማግሌው፦ ዳገት ሲሆን ገብስ፣ ሜዳ ሲሆን ጭድ።

ንብረት ያዡ፦ ከሁለቱ ደረሰኝ ያለው የትኛው ነው?

ሽማግሌው፦ ደረሰኝ የሚቆርጥ ጭድ ሻጭ በዚህ አገር ታይቶ አይታወቅም፤ ያለ ደረሰኝ የበላች አህያ ግን እስካሁን አልወደቀችም።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ በሰሌዳው ቦታ የጭቃ ምርኮኛ የሆነው መኪና ቁጥር ተጽፎ ቢያልፍስ?

ንብረት ያዡ፦ ይህስ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ይሆናል። «አረጋግጦ» ብሎ ሳያረጋግጡ መፈረም የአሠራር ክፍተት ነው፤ ለአህያ የመኪና ሰሌዳ መስጠት ግን ወንጀል ነው። ሁለቱ አይምታቱ።

በመጨረሻም «ሰሌዳ ቁጥር፦ በጆሮ ብጣት የሚለይ» ተብሎ ተጻፈና የሽማግሌው ማረጋገጫ ብቻ ቀረ። ሽማግሌው መጻፍ ስለማይችሉ በጣት አሻራ መፈረም ነበረባቸው፤ የመጋዘኑ የማኅተም ቀለም መርገጫ ግን ከደረቀ ቆይቶ ነበር። ንብረት ያዡ ከመደርደሪያ ሥር ለሥልጠና መጥቶ የተረፈ አንድ ትንሽ ጠርሙስ የማይለቅ ቀለም አወጡ፤ ይህም አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ድምፅ እንዳይሰጥ በጣቱ ላይ የሚቀባው፣ በውኃም በሳሙናም ለቀናት የማይጠፋው ቀለም ነው።

ሽማግሌው፦ (እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ሥር እየሰበሰቡ) ጌታዬ፣ ይህ ጣት ከነገ ወዲያ ሥራ አለበት።

ንብረት ያዡ፦ ለአንድ አሻራ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ጣቱ ቀለም የነካው ሰው ጣቢያ ሲደርስ እንደመረጠ ተቆጥሮ ይመለሳል። የድምፅ መስጫውን ወረቀት ዳገት ያወጣ ሽማግሌ ድምፅ ሳይሰጥ ሊቀር ነው ማለት ነው።

ንብረት ያዡ፦ የቀኝ ትንሽ ጣት ይሁና፤ እሱን ማን ያያል?

መምህርቷ፦ አሥሩም ጣት ይታያል፤ በሥልጠናው የተነገረው እንደዚያ ነው፤ ያሠለጠኑበት ቀለም ደግሞ ይኸው ይህ ነው።

ሽማግሌው፦ ክፍያው ይቅር። ሰሌዳ የሌላት አህያ በነጻ ብትሄድ ይሻላል፤ ባለቤቷ ሳይመርጥ ከሚቀር።

ንብረት ያዡ፦ በነጻ መሄድ እንደማይቻል አስቀድሞ ተገልጿል።

በዚህ መካከል ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ክርክሩ ከተጀመረ አንሥቶ በር ላይ ተጭነው የቆሙት አህዮች፣ ዳገቱ ጫፍ ወዳለው ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ በየሳምንቱ የሚመላለሱበት በመሆኑና ዝናብም ስለማይወዱ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ ተነሥተው ነበር፤ መምህርቷ ዘወር ስትል ዳለቻዋ ከነከረጢቶቹ መታጠፊያው ላይ ደርሳለች፣ ሁለተኛዋ ከነካርቶኑ ትከተላታለች፣ ከእሽጉ ለአፍታም እንዳይለይ የታዘዘው ፖሊስም አንገትጌውን ወደ ላይ ሰብስቦ ከኋላቸው ይራመዳል። በዚያ ቀን የተጻፈለትን ሳያዛንፍ የፈጸመ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ንብረቱ ሄዷል!

ንብረት ያዡ፦ (ሦስቱን ቅጂዎች ገልብጠው አይተው) አልሄደም። ሞዴል 22 ፊርማ የለውም፤ ፊርማ የሌለው ወጪ ደግሞ ወጪ አይደለም። በሰነድ በኩል የድምፅ መስጫው ወረቀት እዚሁ መጋዘን ውስጥ ነው ያለው።

መምህርቷ «እሽጉ ሳይከፈት የተወሰደ» የሚለውን በ«ምርመራ» ዓምድ ሥር በራሷ ብዕር ጻፈች፤ ስሟን አስከተለችና ፈረመች፤ አንዱን ቅጂ አጥፋ በነጠላዋ ሥር ይዛ አህዮቹን ልትደርስባቸው ሮጠች። ንብረት ያዡ ጽሑፉን በመነጽራቸው ሁለት ጊዜ አንብበው፣ ምርመራ ያለበት ቅጽ እንደተፈረመ ይቆጠር ወይም አይቆጠር መመሪያው ስለማይናገር፣ ከበላይ መልስ እስኪመጣ ድረስ ነገሩን ባለበት ማቆየት መረጡ፤ የባዶውን መጋዘን በር ቆለፉ፣ ቁልፉ ላይ ወረቀት ለጠፉ፣ ወረቀቱ ላይ ማኅተም ሊያደርጉ ሲሉም መርገጫው መድረቁን አስታወሱ።

ንብረት ያዡ፦ አባ፣ እንግዲህ እዚህ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ «ንብረቱ በመጋዘን መኖሩን የተመለከተ ምስክር» ከሚለው ሥር ያረጋግጡልና።

ሽማግሌው፦ በየትኛው ጣት?